ስምና አገር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአዳራሹ የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል አንድ ተማሪ ንግግር እንዲያደርግ በተወሰነ ጊዜ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። የሥነ ጽሑፍ መምህራችንም «ከአፍሪካ ወጥተው በባሕር ማዶ የኖሩ ሰዎች ስለ ስደትና ስለ ማንነት የጻፉትን አንብቢና አንድ ነገር ንገሪን» ብለው አዘዙኝ። ነገሩ ዳርቻ የሌለው ስለ ሆነ በመጀመሪያ ደነገጥሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ሳነብ ግን፣ መጻሕፍቱ በዘመንም በአገርም የተራራቁ ሆነው ሳሉ፣ አንድ ነገር በሁሉም ዘንድ እየተመላለሰ ያጋጥመኝ ጀመር። ይኸውም የስም ነገር ነው። ሰውየው ማን ተብሎ ተወለደ? ማን ተብሎ ተሸጠ? ማን ተብሎ ተቀበረ? ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ስም ብቻ ነው፤ የቀረውን ከእኔ የበለጠ ላነበበ እተወዋለሁ። ይህን የመረጥሁበት የግል ምክንያትም አለኝ፤ እርሱን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በእኛ አገር ስም እንዲያው በዘፈቀደ እንደማይወጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታላቅ ወንድሙ ሞቶ የተወለደ ልጅ ምትኩ ይባላል። በኀዘን ላይ የመጣ ልጅ ማስረሻ ይባላል። ስንታየሁ የሚለውን ስም ደግሞ አስቡት፤ የአንዲት እናት የመከራ ዘመን ሁሉ በዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ልጁን በስሙ የሚጠራው ጎረቤት ሁሉ፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ የእናቱን ታሪክ በየቀኑ ይናገራል ማለት ነው።

አሁን የማነሣው ደራሲም ስለ አገሩ ሲጽፍ ይህንኑ ይላል፤ ልጆቻችን ሲወለዱ ከሆነ ነገር ወይም ከታሰበ ነገር ተነሥተን ስም እናወጣላቸዋለን ይላል። ስሙ ኦላውዳ ኢኩዊያኖ ነው። የሕይወት ታሪኩን በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1789 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ አሳተመ። እርሱ እንደሚተርከው በ1745 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ ናይጄሪያ በምንለው አገር፣ በኢግቦ ሕዝብ መካከል ተወለደ። አሥራ አንድ ዓመት ያህል ሲሆነው፣ አዋቂዎቹ ወደ እርሻ ሄደው ሳለ፣ ሌቦች አጥር ዘለው ገብተው እርሱንና እኅቱን አፍነው ወሰዱአቸው። በመንገድ ለያዩአቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁለቱ ልጆች ሳይታሰብ ተገናኙ። በዚያች ሌሊት የሚጠብቃቸው ሰውዬ በመካከላቸው ተኝቶ፣ እነርሱ በደረቱ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው አደሩ። ሲነጋም እንደ ገና ለያዩአቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ስፍራ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሦስተኛ ለማንበብ ግን አልደፈርሁም።

ከዚያ በኋላ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ተሻግሮ ባርቤዶስ ደሴት፣ ከዚያም ቨርጂኒያ ደረሰ። በመርከቡ ላይ ማይክል አሉት። በቨርጂኒያ ጄኮብ አሉት። ከዚያ የገዛው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን ፓስካል ደግሞ ጉስታቩስ ቫሳ ብሎ ሰየመው። ጉስታቩስ ቫሳ ማለት በ16ኛው መቶ ዓመት ስዊድንን ከዴንማርክ አገዛዝ ያወጣ ንጉሥ ነው። እንግዲህ በገንዘብ የገዙትን ልጅ ነፃ አውጪ በነበረ ንጉሥ ስም መጥራት ምን ዓይነት ቀልድ እንደ ሆነ ለእናንተ ትቼዋለሁ። ልጁ ግን አልቀለደም። ስሜ ጄኮብ ነው ብሎ እንቢ አለ። ጄኮብም ቢሆን ሌሎች ያወጡለት ስም ነበር፤ ነገር ግን ሰው በለመደው ስም ይጸናል። ሲጠሩት ዝም ባለ ቁጥር በጥፊ መቱት። በመጨረሻም እሺ አለ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ስም ኖረ።

ነፃ የወጣበት መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በካሪቢያን ባሕር በሚገኘው በሞንሰራት ደሴት፣ ሮበርት ኪንግ ለሚባል ነጋዴ ተሽጦ በመርከብ ሲመላለስ፣ በእጁ በነበረችው በሦስት ፔኒ አንድ የመስተዋት ብርጭቆ ከአንድ ደሴት ገዝቶ፣ በሌላው ደሴት በስድስት ፔኒ ሸጠ። በስድስቱ ሁለት ብርጭቆ ገዛ። እንዲህ እያለ፣ አንዳንዴም ነጮቹ ዕቃውን እየነጠቁት፣ በ1766 ዓ.ም. ራሱን በ40 ፓውንድ ከጌታው ገዛ። ንግድ የምትማሩ ጓደኞቼ ይህን ምዕራፍ ብታነቡት ከትርፍና ኪሣራ መዝገብ የበለጠ ትምህርት ታገኙበታላችሁ።

ወደ ስሙ ልመለስ። መጽሐፉን ሲያሳትም በፊተኛው ገጽ ላይ ያኖረው ርእስ፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «የኦላውዳ ኢኩዊያኖ፣ ወይም የአፍሪካዊው የጉስታቩስ ቫሳ የሕይወት አስደናቂ ታሪክ» የሚል ነው። እኔ በዚህ ርእስ ውስጥ «ወይም» የምትለዋን ቃል ብዙ ቀን አሰብሁባት። «እና» አላለም። «ቀድሞ እንዲህ ይባል የነበረው» አላለም። ወይም አለ። ቤተ ክርስቲያን ሲነሣ ቫሳ፣ በ1792 ዓ.ም. እንግሊዛዊት ሚስት ሲያገባ ቫሳ፣ ኑዛዜውን ሲጽፍ ቫሳ ነበር። ኢኩዊያኖ የሚለውን ስም ከዚህ መጽሐፍ ውጭ ብዙም አልተጠቀመበትም። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ነው እርሱ? መምህራችን ይህን ጥያቄ በክፍል ቢያቀርቡልኝ «ሁለቱም» ብዬ መልሼ ነጥብ ለማግኘት በሞከርሁ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሰውዬው የወላጆቹን ስም ለመጽሐፉ አስቀመጠው፤ ሌላውን ስም ለገበያና ለመንግሥት ወረቀት አዋለው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ መጠሪያም ነበረው። በ1788 ዓ.ም. የባሪያ ንግድ እንዲቀር ለእንግሊዝ ንግሥት ለሻርሎት ልመና ሲያቀርብ፣ ከስሙ ቀጥሎ «የተጨቆነው ኢትዮጵያዊ» ብሎ ፈረመ። አገራችንን በዓይኑ አላየም። በዚያ ዘመን ግን በግሪኮች መጻሕፍትና በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ምክንያት፣ በባሕር ማዶ ለሚኖሩ ጥቁሮች ኢትዮጵያ ማለት የጥቁር ሰው አገር ሁሉ ማለት ነበር። ስሙ ከወላጆቹ ጋራ ሲቀርበት የሁሉ የሆነውን ስም ያዘ።

ስለዚህ ሰው አንድ ክርክር አለ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ቪንሰንት ካሬታ የሚባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1999 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ሁለት መዛግብት አሳዩ። አንደኛው በ1759 ዓ.ም. በሎንዶን የተጻፈ የጥምቀት መዝገብ ነው፤ ሁለተኛው በ1773 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዋልታ የሄደ መርከብ የሠራተኞች መዝገብ ነው። ሁለቱም ቫሳ የተወለደው በአሜሪካ በካሮላይና ነው ይላሉ። እንደዚህ ከሆነ ስለ አፍሪካ የጻፈው ከሌሎች አንደበት የሰማውን ነው ማለት ነው። ናይጄሪያዊቷ ካትሪን አቾሎኑና ፖል ላቭጆይ የሚባሉት የታሪክ ሊቅ ግን በአፍሪካ መወለዱን ይዘው ተከራክረዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

እኔ በሊቃውንት መካከል ገብቼ ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን ስለ መዝገብ አንድ የማውቀው ነገር አለ። ገና ሕፃን ሳለሁ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ይዘውኝ በሄዱ ቀን፣ መዝጋቢው የተወለድሁበትን ቀን አያቴን ጠየቃቸው። አያቴ «በሐምሌ፣ ዝናቡ በበረታ ጊዜ» አሉት። እርሱም «መስከረም አንድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በወረቀት የተወለድሁት በዕንቁጣጣሽ ነው፤ ሰርተፊኬቴ ሁሉ ይህንኑ ይመሰክራል፤ ላስለውጠው ብል ልደቴን ከዳኛ ፊት ማስረዳት አለብኝ። እንግዲህ እንግሊዝኛ በወጉ ያልለመደ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በጥምቀቱ ቀን ምን ተናገረ? ማንስ ተናገረለት? ጸሐፊውስ ምን ሰማ? መዝገብ ማስረጃ መሆኑን አልክድም። ግን መዝገብም አፍ ከተናገረው፣ ጆሮ ከሰማው ነገር የተጻፈ ነው።

ስለ ፊሊስ ዊትሊ ባጭሩ እናገራለሁ፤ ባጭሩ የምናገረውም የምንለው ስለ ጠፋ ነው። በ1761 ዓ.ም. በሰባት ወይም በስምንት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሶቿ እንደ ረገፉ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ቦስተን ከተማ መጥታ ተሸጠች። ያመጣት መርከብ ስሙ ፊሊስ ነበር። የገዟት ቤተ ሰብ ስም ዊትሊ ነበር። ስለዚህ ፊሊስ ዊትሊ ተባለች፤ ግማሹ የጫናት መርከብ፣ ግማሹ የገዛት ጌታ ነው። በ1773 ዓ.ም. የግጥም መጽሐፏ በሎንዶን ሲታተም፣ አንዲት ጥቁር ልጅ ይህን ልትጽፍ አትችልም ብሎ ሰው እንዳይጠራጠር፣ በመጽሐፉ መግቢያ የቦስተን አሥራ ስምንት ታላላቅ ሰዎች፣ አገረ ገዢውም ጭምር፣ እርሷ እንደ ጻፈችው ፈርመው መሰከሩላት። በአንዱ ግጥሟ እርሷም ራሷን ኢትዮጵያዊት ብላ ትጠራለች። እናቷ ያወጣችላትን ስም ግን በአንድም ስፍራ አልጻፈችውም። ስለ እናቷ ቀርቶ የተነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ እናቷ ውኃ ታፈስ ነበር ይባላል። ፊሊስ በ1784 ዓ.ም. በሠላሳ አንድ ዓመቷ ገደማ በድኽነት ሞተች።

ሁለት ሰዎች በባርነት ዘመን ኢትዮጵያዊ ነኝ ብለው እንደ ጻፉ ስንሰማ ደረታችንን መንፋት ይቀናናል። እኔም ሳነበው ነፍቼ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ ከዚያም በኋላ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ፣ በእኛም አገር ሰው በገበያ ይሸጥ ነበር። ይህን ስታስቡ ከታሪካችን የማትርቅ አንዲት ስም ትመጣለች። በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ አንድ የኦሮሞ ልጅ ተወለደ፤ ሂካ ብለው ሰየሙት። በልጅነቱ ከእናቱ ነጥቀው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየሸጡ፣ እስከ ምጽዋ አደረሱት። በዚያ በ1870 ዓ.ም. ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህን ስም ጳውሎስ ለፊልሞና ከጻፈው መልእክት እናውቀዋለን፤ ከጌታው ዘንድ ኮብልሎ የነበረው ባሪያ ስም ነው። እንግዲህ ሚሲዮናውያኑ ነፃ የወጣውን ልጅ የሰየሙት በባሪያ ስም ነው፤ ምን እንዳሰቡ ይገባኛል፣ ግን ልጁን ምን እንደ ተሰማው የጠየቀው ሰው መኖሩን እንጃ። የሚያስደንቀው ሌላው ነገር ነው። ሂካ ማለት በኦሮምኛ የሚተረጉም፣ የሚፈታ ማለት ነው። ይህ ሰው በስዊድን አገር ተምሮ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋራ ብዙ ዓመት ደክሞ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር ታተመ። ከእናቱ በልጅነቱ የተነጠቀ ልጅ እናቱ ያወጣችለትን ስም ሥራው አደረገው። ሲሞትም፣ በ1931 ዓ.ም.፣ በወለጋ በነቀምት፣ በወገኖቹ መካከል ነበር።

አሁን ወደ እኛ ዘመን ልምጣ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ለምን ሲሳይ ነው። አዎን፣ ስሙ ለምን ነው።

በ1966 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄደች። በ1967 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለደች፤ ለምን ብላ ሰየመችው። ትምህርቷን እስክትፈጽም ድረስ ልጁን ለጥቂት ጊዜ የሚያሳድጉላት ሰዎች ፈለገች። ጉዳዩን የያዘው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ሕፃኑን ለአንድ እንግሊዛዊ ቤተ ሰብ ሰጠና የራሳችሁ ልጅ አድርጋችሁ ቁጠሩት አላቸው። በራሱ በሠራተኛው ስም ኖርማን ብሎ ጠራው፤ የቤተ ሰቡም ስም ሲጨመር ኖርማን ግሪንዉድ ሆነ። እናቱ በ1968 ዓ.ም. ልጄን መልሱልኝ፣ በአገሩ ከወገኖቹ ጋራ ይደግ ብላ ጻፈች። አልመለሱላትም። ልጁም እናቱ እንዳልፈለገችው እየተነገረው አደገ።

ያሳደጉት ሰዎች በጸሎት የሚተጉ ክርስቲያኖች ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ መለሱትና ከዚያ ወዲያ አልጠየቁትም። እኔ በየማለዳው በጸሎት በሚጀመር ትምህርት ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ይህን ምዕራፍ ሳነብ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አመመኝ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት «ልጄ» ያለውን ልጅ እንዴት በበር ያስወጣዋል? መልስ አላገኘሁለትም፤ ስለ እነርሱ የሚሟገትም ሰው ካለ ልሰማው እወዳለሁ።

ልጁ በማሳደጊያ ሳለ በእጁ ላይ የስሙን ሁለት ፊደላት በመርፌ ተነቀሰ፤ የኖርማንን መጀመሪያ፣ የግሪንዉድን መጀመሪያ። ንቅሳት እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ። ከማሳደጊያው የሚወጣበት ዕድሜ ሲደርስ፣ ዛሬ እኔ ያለሁበት ዕድሜ ገደማ ማለት ነው፣ የልደት ወረቀቱን ሰጡት። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም በእጁ ላይ የተነቀሰው ስም አልነበረም። ለምን ሲሳይ ይላል። እናቱ ልጄን መልሱልኝ ብላ የጻፈችውንም ደብዳቤ አገኘ። ከዚያ ጀምሮ በዚያ ስም እየተጠራ፣ ግጥም እየጻፈ፣ እናቱን ይፈልግ ጀመር፤ በሃያ አንድ ዓመቱም በምዕራብ አፍሪካ፣ በጋምቢያ አገኛት። ስለ እርሱ የተጻፈውን የመንግሥት ፋይል ለማግኘት ግን እስከ 2015 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። በ2019 ዓ.ም. ያንን ፋይል ከትዝታው ጋራ አስተባብሮ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በየገጹ የቢሮው ጽሑፍ አንድ ነገር ይናገራል፤ ልጁ ሌላ ነገር ያስታውሳል። ያ ማሳደጊያ የወጣ ልጅ ከ2015 እስከ 2022 ዓ.ም. የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበረ።

የመጽሐፉ ርእስ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ስሜ ለምን ነው» ይሆናል። እንግሊዞቹ የስሙን ትርጉም ሲነገራቸው ይገረማሉ። እኛ ግን ሌላም ነገር እንሰማበታለን፤ በአማርኛ ይኸው አረፍተ ነገር ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ ጥያቄ ይሆናል። ደራሲው አማርኛ ሳይናገር ነው ያደገው። ስሙ የሚናገረውን ቋንቋ ባለቤቱ አያውቀውም ነበር ማለት ነው፤ ትርጉሙንም የነገሩት በኋላ ያገኛቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው። እኔ እናቱ ለምን ይህን ስም እንዳወጣችለት ለመገመት አልደፍርም። ስንታየሁ የምትል እናት በምትኖርበት አገር፣ ለምን የምትል እናት ብትኖር አያስደንቀኝም።

ልብ ወለድ ታሪክ የምትወዱ ደግሞ የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ መጽሐፍ ፈልጋችሁ አንብቡ። ደራሲው በ1978 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ነው፤ መጽሐፉ በ2007 ዓ.ም. ወጣ። ሴፋ የሚባል ኢትዮጵያዊ በቀይ ሽብር ዘመን አባቱን አጥቶ ተሰድዶ፣ በዋሽንግተን ከተማ አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ሁለት ጓደኞች አሉት፤ አንዱ የኬንያ፣ አንዱ የኮንጎ ሰው ነው። በሆቴል አብረው ሲሠሩ ኬን ኬንያዊው፣ ጆ ከኮንጎ እየተባሉ ይጠሩ ነበር፤ ቤት እንዲመታ መሆኑ ነው። በሱቁ ተቀምጠው ሲጠጡ የሚጫወቱት ጨዋታ ይኸውላችሁ፦ አንዱ በመፈንቅለ መንግሥት የወጣ የአፍሪካ ገዢ ስም ይጠራል፣ ሌላው አገሩንና ዓመቱን ይናገራል። ስሞቹ ብዙ ስለ ሆኑ ጨዋታው አያልቅም። ያስቃል። እኔ ግን እየሳቅሁ አንድ ነገር ታየኝ፤ ያሰደዷቸውን ሰዎች ስም በቃላቸው የሚያውቁ እነዚህ ሦስት ሰዎች፣ በሚኖሩበት ከተማ ስማቸውን አጣርቶ የሚጠራቸው ሰው የላቸውም።

በመጨረሻ እነግራችኋለሁ ያልሁት የግሌ ነገር ይህ ነው። እናቴ በአሜሪካን አገር ትኖራለች። እኔን ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል። እናቴ ስትሄድ በፓስፖርቷ ላይ እንደ ደንቡ ስሟ፣ የአባቷ ስምና የአያቷ ስም ነበረ። በዚያ አገር የመጨረሻው ስም የቤተ ሰብ ስም ነውና፣ እናቴ ዛሬ በሥራ ቦታዋ የምትጠራው በአያቷ ስም ነው። እርሳቸው ከጎጃም ወጥተው የማያውቁ፣ እናቴ ሳትወለድ ያረፉ ገበሬ ነበሩ። መጀመሪያ ገንዘብ የላከች ጊዜ፣ አያቴ ወደ አንድ ባንክ ሄደው የልጃቸውን ስም ከነአባቷ ተናገሩ። ጸሐፊዋ አይገጥምም አለቻቸውና የላኪውን ሁለተኛ ስም አነበበችላቸው። አያቴም «እርሳቸው እኮ አማቴ ናቸው፤ ከሞቱ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከየት አምጥተው ይልኩልኛል?» ብለው ተቈጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ዛሬ በቤታችን ይህ ሲነሣ እንሥቃለን፤ በዚያ ቀን ግን የሚሥቅ አልነበረም።

ፈተናው እንዳለቀ እኔም ወደ እናቴ እሄዳለሁ፤ ወረቀቱ መጥቷል። አባቴ የሞተው የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የአባቴ የሆነ ነገር በቤታችን ያለው አንድ ፎቶግራፍና አንድ ኮት ነው፤ ሦስተኛው ስሙ ነው። ባለፈው ወር በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀመጠ ሰው ወረቀቶቻችንን አገላብጦ «የቤተ ሰብ ስማችሁ ለየቅል ነው፤ ልጇ መሆንሽን በምን ልወቅ?» አለኝ። እናቴ ይህን በስልክ ስነግራት ደነገጠች። በዚያ አገር ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም ይህንኑ እንደሚጠይቁ፣ እርሷም በየጊዜው ማስረዳት እንደ ሰለቻት ነገረችኝ። ስለዚህ በሚሞላው ወረቀት በሦስተኛው መሥመር የእርሷን የቤተ ሰብ ስም ጻፊ፣ ነገሩ ይቀልልሻል አለችኝ። ክፉ አላሰበችም። አሥራ አንድ ዓመት ብቻዋን ስትለፋ የኖረች ናት፤ ልጄ ናት ብላ ያለ ክርክር ልትናገር ብትፈልግ ማን ይፈርድባታል? ለመገናኘት የአባቴን ወገን ስም መተው ዋጋው ይህ ከሆነ፣ ብዙ ሰው ከዚህ የበለጠ ከፍሏል።

ወረቀቱ የሚገባው ሰኞ ነው። ሁለቱን መሥመሮች በቀለም ጽፌአቸዋለሁ። ሦስተኛውን ትናንት ማታ ይህን ንግግር ከጨረስሁ በኋላ ሞላሁት፤ የጻፍሁት የአባቴን አባት ስም ነው። የጻፍሁት ግን በእርሳስ ነው፤ ለእናቴም ገና አልነገርኋትም።